ጥያቄና መልስ፦ ወደ ውጭ ስሄድ ውሾቼን ምን ላድርጋቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ ጀርመን ስላለ የቪዛ ጉዳዬ ሲያልቅ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ሁለት ውሾች አሉኝ። አንዱን አባቴ በሕይወት ሳለ ነው ያሳደገው፣ አሁን አርጅቷል፤ ቱላ ያለችው አክስቴ ልውሰደው ብላኛለች። ሌላዋ ገና ወጣት ናት። ጓደኞቼ ግን “ውሻ ርኩስ ነው፣ ውሻ ካለበት ቤት መልአክ አይገባም፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ጋ፣ አሞራ ገደል ወስደሽ ልቀቂያቸው፣ ዓሣ አያጡም” ይሉኛል። ለጉዟቸው የሚወጣው ገንዘብስ ለነዳያን ቢሰጥ አይሻልም? ትቻቸው ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?
ወለተ ማርያም

መልስ፦ ልጄ ወለተ ማርያም፣ ይዘሽ መሄድም ለሰው አስረክበሽ መሄድም ኃጢአት የለበትም። አሞራ ገደል ወስዶ መልቀቅ ግን ኃጢአት ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ የቀረውን ሳታነቢ ብትተዪው እንኳ ውሾቹ እንዳይጎዱ ብዬ ነው።

አሁን ወደ “ርኩስ ነው” እንምጣ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት! ሌላ ጊዜ ኦሪትን ገልጦ የማያውቅ ሰው ውሻውን ሊጥል ሲነሣ ኦሪት ትዝ ይለዋል። ያ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ግቢውን ሲጠብቅ ርኩስነቱን ያነሣበት አልነበረም፤ ባለቤቱ ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ሲል ነው ርኩስ የሚሆነው። እስቲ አህያን አስቢ። እንደ ኦሪቱ ሥርዓት አህያም የሚበላ እንስሳ አይደለም። ነገር ግን ያው ኦሪት በዘጸአት 23 የጠላትህ አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታገኘው አትለፈው፣ ረድተህ አንሣው ይላል። ጌታችንም በሆሣዕና የተቀመጠው በአህያ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ ምን ወደ ማዕድ፣ ምን ወደ መሠዊያ እንደማይቀርብ ለየ እንጂ ለማን መራራት እንደማያስፈልግ አልተናገረም። ይህን መለየት ስላቃተን ብዙ ጭካኔ በሃይማኖት ስም ይሠራል።

መልአክ አይገባም የሚለው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከራሳቸው ትምህርት የሚናገሩት ነው። አብረን ስንኖር ቡናም ቃልም እንቀባበላለንና የእኛም ሰው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እየመሰለው ይደግመዋል። አንቺ ግን መጽሐፈ ጦቢትን አንብቢ። ጦብያ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ አብሮት የተጓዘው ጳጉሜን 3 በዝናቡ እየተጠመቅን የምናከብረው ቅዱስ ሩፋኤል ነው። ምዕራፍ 5 ላይ የልጁ ውሻም አብሯቸው እንደ ሄደ ተጽፏል። ምዕራፍ 11 ላይ ሲመለሱም ውሻው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ነው። ሊቀ መላእክቱ ያን ሁሉ መንገድ ከውሻ ጋር ሲሄድ “ይህን መልሱልኝ” አላለም። ያንቺም መንገድ የሩቅ አገር መንገድ ስለሆነ ይህን ታሪክ ሳትነሺ በፊት ደጋግመሽ ብታነቢው ደስ ይለኛል።

“ታዲያ ለምን ከቤተ መቅደስ ይከለከላል?” ትዪኝ ይሆናል። የቤተ መቅደሱ ሥርዓት ነው፤ በግም አይገባም፣ በግን ግን ማንም ሰይጣን አይለውም። በራእይ 22 “ውሾች በውጭ አሉ” የሚለውን የሚጠቅሱም አሉ። ከውሾቹ ጋር እነማን እንደ ተዘረዘሩ ይመልከቱ፤ አስማተኞች፣ ነፍሰ ገዳዮች፣ ውሸትን የሚወዱ። ቃሉ ስለ ሰው እየተናገረ ነው፤ በራችን ላይ የተኛውን እንስሳ የሚመለከተው ነገር የለም።

ደግሞስ የእመቤታችን ልጆች ሆነን ይህ እንዴት ይጠፋናል? ለተጠማው ውሻ በወርቅ ጫማዋ ውኃ ማጠጣቷን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ነው ያደግነው፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ተሥሎ እናየዋለን። “ለውሻ የራራሽ እመቤት፣ ለእኔም ራሪልኝ” ብሎ አልቅሶ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ተመልሶ ውሻውን በመኪና ጭኖ የሚጥል ሰው ምን ብሎ እንደጸለየ አላውቅም።

አሞራ ገደልን አውቀዋለሁ። ጓደኞችሽ የሚያስቡት ከዓሣ አጥማጆቹ የሚጣለውን አንጀትና ጭንቅላት ነው። እሱን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ይሻሙበታል፤ የሠፈሩ ውሾችም አሉ፣ እንግዳ ውሻ አያስጠጉም። አንድ ቀን ከዓሣ ገበያው ውጭ አጥር ሥር የቆመ ውሻ አየሁ፤ አንገቱ ላይ የተቆረጠ ገመድ ቀርቷል፣ ጫፉ አዲስ ነው። ዓሣውን ዞር ብሎም አያይም፤ መኪና በቆመ ቁጥር እየሮጠ ሄዶ በሩን ያሸታል፣ ሌላ ሰው ሲወርድ ይመለሳል። በሰው እጅ ያደገ እንስሳ እንዲህ ነው፣ ለራሱ መኖር አልተማረም። ለባለቤት አልባ ውሾች በየከተማው መርዝ እንደሚጣልም አትረሺ። ጠቢቡ በምሳሌ 12 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል ያለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እግዚአብሔርም ነነዌን ለማዳን ለዮናስ ምክንያቱን ሲነግረው ከሕዝቡ ብዛት ቀጥሎ ብዙ እንስሶችን ጠርቷል።

ለነዳያን ስላልሽው፣ ሐሳብሽን አልነቅፍም፤ ከቅን ልብ እንደመጣም አያለሁ። ነገር ግን ውሻውን ጥለው ያተረፉትን ገንዘብ ለነዳያን የሰጡ ሰዎች እስካሁን አላጋጠሙኝም። ከሰጠሽ ከሻንጣሽ ቀንሰሽ፣ ከሽኝት ድግስሽ ቀንሰሽ ስጪ። ምጽዋትን ከውሻው ጉሮሮ ለምን እንጀምራለን?

ግን ወደ ሌላው ጫፍም እንዳትሄጂ። ውሻ ልጅ አይደለም። ስለ ወጣቷ ውሻ ብለሽ ከባልሽ ጋር ብትጣዪ ወይም የማትከፍይውን ብድር ውስጥ ብትገቢ ትክክል አይሆንም። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ባልሽን ጠይቂው፤ እሱም የቤት አከራዩን ይጠይቅ፤ እዚያ ውሻ ለማኖር የአከራይ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ለማዘጋጃ ቤትም የውሻ ግብር ይከፈላል። ባልሽ በአንዲት ክፍል የሚኖር ከሆነና “አይሆንም” ካለ ቃሉን አክብሪ፤ ለእሷም እንደ አክስትሽ ያለ ሰው ፈልጊላት።

እሺ ካለ ግን ዛሬ ነው መጀመር ያለብሽ። እኛን የሚያስቸግረን ውሻው ሳይሆን ለሌላው ነገር ሁሉ ወራት ሰጥተን እሱን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየታችን ነው። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ማለት መለያ ቁጥሯን የያዘ ትንሽ ነገር፣ ከቆዳዋ ሥር ይገባል፣ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትወስዳለች፤ ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርላትም። ከክትባቱ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደም ይወሰዳል፣ የአውሮፓ ኅብረት በሚቀበለው ላቦራቶሪም ይመረመራል። ውጤቱ ቢያምርም ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ አለብሽ። ቪዛው ከቀደመ አንቺ ሂጂ፣ እሷ በታመነ ሰው እጅ ቆይታ ትከተልሽ፤ ግን ያን ጊዜ የሚጠየቀው ወረቀት ሊለይ ስለሚችል አስቀድመሽ የእንስሳት ሐኪሙን አማክሪ።

ሽማግሌውን ለአክስትሽ ስጪ። በዚያ ዕድሜ በሣጥን ተዘግቶ አውሮፕላን ላይ መጫን ለእሱ መራራት አይመስለኝም፤ የአባትሽን መታሰቢያ ይዘሽ ለመሄድ ብለሽ እሱን አታንገላቺው። ስትሰጫት ግን “በይ እንግዲህ” ብለሽ አትገላገዪ፤ ቀለቡን በየወሩ ላኪ፣ ክትባቱን ክፈዪ፣ ስትደውዪ ስለ እሱም ጠይቂ። ከመሄድሽ በፊትም ጥቂት ቀን አብረሽው ቱላ እደሪ፣ ግቢውን ይልመድ።

ወጣቷ ጀርመን ከገባች ሥዕለ አድኅኖ ካለበት፣ ጸሎት ከምታደርሺበት ክፍል አታስገቢያት፤ የቀረው ቤት ይበቃታል። ለአክስትሽም ይህን ንገሪልኝ፦ በዐቢይ ጾም ለሽማግሌው አጥንት ብትገዛለት ጾሟ አይፈርስም። እሱ ክርስትና አልተነሣም፣ ጾም የለበትም።