ከልጄ ቦርሳ ሴንጢ ወጣ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በትምህርት ቤትና በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ስላለው ጸብ ናቸው። ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ስለሠራሁ ጉዳዩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ሦስቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያስታውቅ ነገር አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። የምሠራው ፋብሪካ ነው፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት እገባለሁ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ አሥረኛ ክፍል። ቅዳሜ ዩኒፎርሙን ላጥብ ብዬ ቦርሳውን ሳራግፍ ከደብተሮቹ ሥር በካልሲ የተጠቀለለ ሴንጢ ወጣ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጄ ጸበኛ አይደለም፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር እንኳ ተጣልቶ አያውቅም። ለትምህርት ቤቱ ብናገር ያባርሩታል። ለወንድሜ ብናገር በቀበቶ ነው የሚገርፈው። ጨንቆኝ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ሴንጢ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት መሄድ የለበትም። ዛሬውኑ ውሰጂበት። ግን በድብቅ አታድርጊው፤ መውሰድሽን ይወቅ። በድብቅ የተወሰደበት ልጅ በማግስቱ ሌላ ይገዛል።

ጸበኛ አይደለም ያልሽውን አምንሻለሁ። ስለት ተይዞባቸው ወደ ቢሮዬ ከመጡት ልጆች ጉልቤዎቹ ጥቂት ነበሩ። የሚበዙት ዝምተኞቹ ናቸው። "ለምን ያዝክ?" ስላቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። "የት ጋ ነው የምትፈራው?" ስላቸው ግን ይናገራሉ። ብዙ ጊዜ የሰው ስም አይጠሩም፤ መንገድ ነው የሚጠሩት። "ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ" ይላሉ። ስልኩን የቀሙት እዚያ ነው። በጓደኞቹ ፊት በጥፊ የመቱትም እዚያ ነው። ሴንጢውን የያዘው ለዚያች መንገድ ነው። ኪሱ ውስጥ ስለት ያለ ልጅ ደግሞ ሮጦ ሊያመልጥ የሚችለውን ጸብ ቆሞ ይጠብቃል። ከእጁ ነጥቀው እሱኑ የሚወጉትም አሉ። ይህንን ካንቺ አፍ ይስማው።

ሌሊት በማትገቢበት ቀን፣ ታናናሾቹ በሌሉበት፣ እራቱን ከበላ በኋላ ሴንጢውን ጠረጴዛ ላይ አድርጊና "ማንን ፈርተህ ነው? የት ጋ?" በይው። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ሊረዝም ይችላል፤ ታገሺው። እኛ እናቶች ዝምታ ያስጨንቀንና በምክር እንሞላዋለን፤ ልጁም ሊናገር የጀመረውን መልሶ ይውጠዋል።

ወንድምሽን ለጊዜው ተዪው። ልጅሽ የሸሸው ዱላ ነው፤ ቤት ውስጥም ዱላ ከጠበቀው የት ይግባ? ይልቅ አንድ ነገር ሳትሸፋፍኚ ንገሪው። በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጥፋት ቢፈጽም የሚወሰደው ለወጣት አጥፊዎች የተለየ እርምጃ ነው። 15 ዓመት ያለፈው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። ዕድሜው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ከተጠያቂነት አያድነውም። "ገና ልጅ ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል" የሚሉ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ብዙ አጋጥመውኛል።

ትምህርት ቤቱን መፍራትሽም ይገባኛል። ስለት በታየ ቀን ማባረር የሚቀናቸው አሉ። አሜሪካ ውስጥ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ብዙ ትምህርት ቤቶች "አንዴ ያጠፋ ይባረር" የሚል ደንብ አውጥተው ነበር። በ2008 የአገሪቱ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ያቋቋመው ቡድን ጥናቶቹን አገላብጦ፣ ደንቡ ትምህርት ቤቶቹን ከቀድሞው የበለጠ ሰላማዊ እንዳላደረጋቸው አስታወቀ። እኔን አይገርመኝም። የተባረረ ልጅ የትም አይሄድም፤ አጥር ሥር ነው የሚውለው፣ ቀድመውት ከተባረሩት ጋር።

ስለዚህ ሂጂ፣ ግን ወሬውን በሴንጢው አትጀምሪ። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ወይም አማካሪውን ለብቻው አግኝተሽ "ልጄን መንገድ ላይ የሚያስቸግሩት አሉ፤ ቦታው እዚህ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው" በይ። ሰዓቱ ትልቅ ነገር ነው። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የጠዋቱ ሲወጣና የከሰዓቱ ሲገባ ሁሉም በር ላይ ይገናኛል። ቀኑን ሙሉ በቃል የተጠራቀመው የሚፈነዳው እዚያች ሰዓት ላይ ነው። ሁለት መምህራን በር ላይ ቢቆሙ፣ አንዱ ፈረቃ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ቢለቀቅ፣ ብዙ ነገር ይበርዳል። ወጪ የለውም። ካመነቱ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ አቅርቢው። ልጅሽም ለጥቂት ሳምንታት ብቻውን አይመለስ።

ሌላም መንገድ አለን። ወሎ ውስጥ ደም ሲፈስና ሁለት ቤተሰብ ሲቃቃር አበጋሮች፣ ማለትም አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ይቀመጣሉ፤ አስታርቀው ደም ያደርቃሉ። ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ ሼኹም ቄሱም እኩል ይደመጣሉ። እኔን የሚቆጨኝ ደም እስኪፈስ መጠበቃችን ነው። የልጅሽ ባላንጣዎች እናትና አባት አላቸው፤ በሚያከብሩት ሽማግሌ በኩል አሁኑኑ ጥሯቸው። ሁለቱን ልጆች ብቻ አታስታርቁ፤ ቲፎዞዎቹም ይቀመጡ። ሁለት ልጆች ብቻቸውን ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ይተዉት ነበር፤ የማይለቃቸው ዙሪያቸውን ቆሞ "በለው!" የሚለው ነው። (ሴት ልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት ግን ለሽማግሌ አይሰጥም። ሐኪምና ፖሊስ ጋ ነው የሚኬደው።)

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ መምህር ነኝ። ሁለት ተማሪዎቻችን ተጣልተው አንዱ በስለት ተወጋ። ነፍሱ ተርፏል። ጩኸቱ ሲሰማ ግን ተማሪው ሁሉ በአንድ ደረጃ ሊወርድ ተጋፍቶ ሌሎችም ተጎዱ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈተና ሰጠን። አሁን ልጆቹ በር ሲንኳኳ ይበረግጋሉ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ "ልጁ ሞቷል" ይባላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ የልጆቹ መበርገግ ከዚህ ጸብ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የ2014ቱን እርስዎም ያስታውሱታል። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቻችን ከራያ ቆቦና ከወልድያ በተፈናቀሉ ወገኖቻችን ተሞሉ። ከዚያ በጥቅምት ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ያኔ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የነበሩት ናቸው ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱት። እነዚህ ልጆች ጩኸት ሲሰሙ ጠይቀው አይሮጡም፤ ሮጠው ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ ለእናንተ ትምህርት ቤት ደረጃው ከስለቱ ያላነሰ አደጋ ነው።

በቅድሚያ ሥራ ተከፋፈሉ፣ ያውም በስም። የተጎዳው ጋ የሚሄደው ማን ነው? በር ላይ የሚቆመው ማን ነው? ለፖሊስና ለአምቡላንስ የሚደውለው፣ ከወላጅ ጋር የሚነጋገረው ማን ነው? የቀሩት መምህራን ሁሉ ክፍላቸውን ይዘው ይቆዩ፤ ተማሪ የሚወጣው በየተራ ነው። ስልክ ቁጥሮቹ በትልቁ ተጽፈው በርዕሰ መምህሩ ቢሮና በጥበቃው ቤት ይለጠፉ። ይህን በየሴሚስተሩ ተለማመዱት፤ ያልተለማመዱት ነገር በጭንቅ ሰዓት አይታወስም።

የተወጋ ልጅ አጠገብ የሚደርሰው ሰው የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ፣ ከሌለ በነጠላም ቢሆን፣ አጥብቆ ይጫን፤ እርዳታ እስኪደርስ አይልቀቅ። ስለቱ ሰውነት ውስጥ ተሰክቶ ከሆነ ግን አይንቀሉት፤ ዙሪያውን ይዘው ሐኪም ጋ ያድርሱት። መንቀል ያደማል።

ወሬውን የሚገድለው እውነት ነው፣ እሱም ቶሎ ሲነገር። እስካሁን ካልተነገረ ነገ በጠዋቱ ሰልፍ ይነገር። ርዕሰ መምህሩ በአጭሩ ምን እንደተፈጠረ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ልጁ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ትምህርት ቤቱ ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገር። የአጥፊው ስም፣ ሰፈር፣ ብሔርና ሃይማኖት አይነሣ። ብዙ ጸብ በእነዚህ በኩል ነው ከሁለት ልጅ ወጥቶ የከተማ የሚሆነው።

ክፍል ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይስጧቸው። ማውራት የፈለገ ያውራ፤ ያልፈለገ አይገደድ። በአደጋ ማግስት ለሚሰጥ የሥነ ልቦና እርዳታ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መመሪያ በሦስት ቃል ይጠቃለላል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። እርስዎ ሐኪም መሆን አይጠበቅብዎትም። ማን መብላት እንዳቆመ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን እንደቀረ ግን ከእርስዎ የተሻለ የሚያይ የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት ያለ ነው። ሳምንታት አልፈው ካልቀነሰ፣ ወይም ልጁ ራሱን ስለመጉዳት ካወራ፣ ከወላጁ ጋር ወደ ሆስፒታል ይላኩት። የወጋውንም ልጅ ጓደኞች አይርሷቸው። እነሱም ፈርተዋል፤ ቀጣዩ ብቀላ የሚመከረውም እነሱ መካከል ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ልጅ ሌላውን "ዓርብ ስንወጣ ትገባታለህ" ብሎ ጻፈ፤ የሚይዘውን መሣሪያም ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ። ሁሉም እየሳቁ ነው። ብናገር አሳባቂ ይሉኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ላንቺ በዚያው ቀን መልሼልሻለሁ። እዚህ የማሳትመው ያንቺ ዓይነት ነገር ላጋጠማቸው ሌሎች ነው።

አሜሪካኖች በትምህርት ቤት ውስጥ የተፈጸሙ 37 ጥቃቶችን አጥንተው በእነሱ አቆጣጠር በ2002 ባወጡት ሪፖርት፣ ከአምስቱ በአራቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ሰው ነገሩን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር አገኙ። የሚያውቁት አብዛኞቹ ደግሞ ጓደኞችና የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። እንዳንቺ ያሉ ማለት ነው።

ልጆች ተናደው "እገልሃለሁ" ይላሉ፣ ማታውኑ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። እዚህ ግን ሰው አለ፣ ቀን አለ፣ ቦታ አለ፣ መሣሪያ አለ። ይህ ለነገ አይባልም። መልእክቱን ስክሪንሾት አንሺ፤ ለጓደኛ አታስተላልፊ፣ ግሩፑ ላይም መልስ አትጻፊ። የምታምኚውን አንድ አዋቂ ለብቻው አሳዪ። "ልጆች ናቸው፣ ይተዉታል" ካለሽ ሁለተኛ ሰው ጋ ሂጂ፣ ከዚያም ሦስተኛ። አሳባቂ የሚናገረው ሰውን ለማስቀጣት ነው፤ አንቺ የምትናገሪው ሁለቱም ዓርብ ማታ ቤታቸው እንዲገቡ ነው።

ለመምህራንና ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አደራ። እንዲህ ያለች ልጅ ስትመጣ ቢሮ ድረስ በሁሉም ፊት አትጥሯት፤ ስሟን መዝገብ ላይ አትጻፉ። የዛተውን ልጅ ስታነጋግሩ "ማን ነገራችሁ?" ማለቱ አይቀርም። ደጋግሞ ቢጠይቃችሁም አትንገሩት።