ሥራው አሸዋው ነው ወይስ ፎቶግራፉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ በወንፊት እየነፋሁ በኮምፔርሳቶ ላይ የሰው ፊት መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥዕሉን በኮላ ሳጣብቀው ይጠቁርብኛል፤ ሳላጣብቀው ፎቶግራፍ አንስቼ ብጠርገው ደግሞ በፎቶው ላይ ጉብታውና ስርጉዱ ሁሉ ጠፍቶ የፈሰሰ ሽሮ ይመስላል። የትኛውን መንገድ ብከተል ይሻለኛል?

መልስ፦ ኮላውን ቢተዉት እመርጣለሁ። አሸዋው የሚጠቁረው በቅንጣቶቹ መካከል የነበረውን አየር ኮላው ስለሚተካውና ብርሃን እንደ ቀድሞው ስለማይበተን ነው፤ ስለዚህ ተጣብቆ የቀረው እርስዎ የሠሩት ሥዕል አይደለም። ብራዚላዊው ቪክ ሙኒዝ እ.ኤ.አ. በ1996 በጥቁር ወረቀት ላይ ስኳር እየነሰነሰ የሕፃናትን ፊት ሠርቷል፤ ለተመልካች የቀረበው ግን ስኳሩ ሳይሆን ፎቶግራፉ ነው። እርስዎም ይህን ከተቀበሉ፣ አሸዋውን ለዓይን ሳይሆን ለሌንስ፣ ያውም ከአንድ አቅጣጫ ለሚመጣ ብርሃን መሥራት ይኖርብዎታል።

የሽሮው ነገር መነሻውም ይኸው ብርሃን ነው። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ጥላ አይሰጥም፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ፈጥና ወደ አናት ትወጣለች። ሰሌዳውን ወደ ምሥራቅ በሚያይ በረንዳ ወይም መስኮት ሥር አዘጋጅተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ቢያነሱ፣ ብርሃኑ አሸዋውን በአግድም እየዳሰሰ ስለሚያልፍ የጥፍር ቁመት የማይሞላ ጉብታ እንኳ ረጅም ጥላ ይጥላል። በክረምት አንድ የጠረጴዛ መብራት ከሰሌዳው ጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት ይበቃል፤ ሁለተኛ መብራት ከጨመሩ የመጀመሪያው የፈጠረውን ጥላ ያጠፋብዎታል።

ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ ማየቱን ለማረጋገጥ ትንሽ መስታወት በሰሌዳው መሐል ያስተኙ፤ የሌንሱ ምስል በካሜራው መመልከቻ መሐል ላይ ከታየ ልክ ነው። ነጣ ያለ አሸዋ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋልና፣ በካሜራው የብርሃን መጠን ማስተካከያ (ኤክስፖዠር) ምስሉን ራስዎ ጥቂት ያድምቁት።

ለፀጉርና ለዓይን ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ማግኔት በስስ ፌስታል ጠቅልለው በደረቅ አሸዋ ላይ ቢያንሸራትቱት ብረት አዘል ጥቁር ቅንጣት ብዙ ጊዜ ተለይቶ ይወጣል፤ ይህ ለእኔ ከማንኛውም ቀለም የተሻለ ጥቁር ነው። አሸዋውን ግን አስቀድመው ደጋግመው አጥበው በፀሐይ ያድርቁት፣ ሲነፉም አፍንጫና አፍዎን በማስክ ይሸፍኑ፤ የደቀቀው የሲሊካ አቧራ በዓመታት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። አቧራው ካሜራው ውስጥ እንዳይገባም በዚያው ክፍል ሌንስ አይቀይሩ።

ከዚህ በኋላ አንዱን ፊት በአንድ ጊዜ አይጥረጉት። ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ጥላው እያጠረ ሲሄድ በየሩብ ሰዓቱ፣ ከዚያም በእያንዳንዱ የመጥረጊያ ምት ያንሱትና ፎቶግራፎቹን በተነሱበት ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ደርድረው ይመልከቷቸው።