ብረት የገባበት ዋይቢሲኦ በላስቲክ ተጠቅልሎ አይከርምም

እህቴ፣ «ብረት የጨመርኩባቸውን የዋይቢሲኦ ፔሌቶች ዓመት አቆይቼ እንደገና ልለካቸው ነው፣ በላስቲክ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ባስቀምጣቸው ይበቃል ወይ?» ላልሽው፣ አይበቃም። ዋይቢሲኦ ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የሚሠራ፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፍ ሴራሚክ ነው፣ ፔሌት ደግሞ ከዱቄቱ ተጨምቆ የተጋገረ ትንሽ ክብ ቁራሽ። ያውም ባሕር ዳር! እኔ ከስምንት ስድስቱን ያጣሁት እንደዚያ ነው።

1. ዛሬውኑ ለኪያቸው። ቲሲውንም (ተቃውሞው የሚጠፋበትን ሙቀት) ኤክስአርዲውንም (የክሪስታሉን አሠራር የሚያሳየውን የኤክስሬይ ልኬት) አሁን አንሺ። መነሻ ቁጥር ከሌለሽ ነገ «አረጀ» የምትይው ከምን አንጻር ነው? እኔ ሁለቱን ብቻ ለክቼ ነበር፣ ዲፌንስ ላይ የተጠየቅኩት ግን ስለ ስድስቱ ነው።

2. ውሃ አታስነኪያቸው፣ ስትሞርጂም ደረቅ አልኮል ተጠቀሚ። ባሪየሙ ውሃ ሲያገኝ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ባሪየም ካርቦኔት ይሆናል። ጥቁሩ ፔሌት ላይ ነጭ ዱቄት ካየሽ እሱ ነው። በ450 ዲግሪ ኦክስጅን ውስጥ መልሼ ባሞቀውስ እንዳትይ፣ ኦክስጅኑን ይመልስልሽ ይሆናል እንጂ ካርቦኔቱን አያነሳልሽም።

3. የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ከከብት ማዳቀል ሰዎች ለምነን ነበር የምናመጣው። በመጣ ቁጥር ታዲያ ከቀዘቀዘው ፔሌት በላይ ማግኔት ማንሳፈፍ ነው! እንግዳ መጣ፣ አንሳፍፍ። ተማሪ መጣ፣ አንሳፍፍ። ኩራት ነው፣ ምን ልደብቅሽ። ፔሌቱን በወረንጦ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። ወዲያው አመዳይ ይለብሳል፣ ትንሽ ቆይቶ አመዳዩ ይቀልጥና ላብ እንዳጠመቀው ሰው ይረጥባል። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ከሐይቁ የሚመጣውን እርጥበት ታውቂዋለሽ። ያንን በሶፍት ጠረግ አድርጌ ላስቲክ ውስጥ። መስከረም ላይ ስከፍተው ጠርዙ ነጥቷል፣ አንዱንማ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ።

ከዚያ የባሰው ምን መሰለሽ? ማግኔቱ አልንሳፈፍ ሲል «ብረቱ ቦታ ቀየረ» ብዬ ግማሽ ምዕራፍ ጻፍኩ። ብረቱ በአብዛኛው የሚቀመጠው ክሪስታሉ ውስጥ ባለው የመዳብና የኦክስጅን ሰንሰለት ላይ፣ በመዳቡ ቦታ ነው፣ መጠኑ ሲጨምር ቲሲው ይወርዳል። የንጹሁ ቲሲ 92 ኬልቪን ነው፣ ናይትሮጅን የሚፈላው 77 ላይ፣ ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚህ 75 ተኩል ገደማ። ብረት ሲገባ በቲሲውና በናይትሮጅኑ መሃል ያለው ክፍተት ይጠብባል፣ ማግኔቱ እንዳይንሳፈፍ ትንሽ ጉዳት ይበቃዋል። የኔ ጥፋት ውሃ ነበር። ደግሞ ለውጥ ሁሉ መበላሸት አይደለም፣ ኦክስጅን የጎደለው ናሙና በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ኦክስጅኑ እየተደራጀ ቲሲው የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንዱን ሳትነኪው አሽገሽ አስቀምጪ፣ ምስክር ይሆንሻል።

ስትጨርሺ ናይትሮጅኑ ተንኖ እስኪያልቅ ፔሌቱን እዚያው ዕቃ ውስጥ ተይው፣ ክዳኑን ግን እንዳታጠብቂው። ሲሞቅ ወደ ዴሲኬተር፣ እርጥበት ወደማያስገባው ማድረቂያ ዕቃ።

ዴሲኬተሩስ? እኛ ጋ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ነበር። የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ፣ ፊርማ ጎደለ ተባልኩ፣ አስፈርሜ ስመለስ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ይሄ ሁሉ ለድንጋይ ማስቀመጫ ነው?» አለኝ። ክረምቱ በዚህ አለቀ። አንቺ አትጠብቂያቸው፣ ክዳኑ ጎማ ያለው የመስታወት ዕቃ ከገበያ ግዢና እርጥበት የሚመጥጠውን ሰማያዊ ሲሊካ ጄል ጨምሪበት፣ ወደ ሮዝ ሲቀየር ምድጃ ውስጥ አድርቂው። የተረፉት ሁለቱ ፔሌቶቼ እንደዚያ ነው ያሉት፣ አሁንም እንደከሰል ጥቁር ናቸው። ጥር ላይ አንዱን ሞከርኩት፣ ማግኔቱ ተንሳፈፈ። ለማንም አላሳየሁም።