«ካርዷን የያዝኩት ለራሷ ብዬ ነው»

ጥያቄ፦ የምኖረው አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ነው። ባለቤቴ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከኑንጋሮች ናት። አንድ ልጅ አለን። ደመወዟ በገባ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ለአክስት፣ ለዘመድ ልጅ፣ ለቀብር። ስለዚህ በእኔ አካውንት እንዲገባ አደረግኩ። ካርዷም እኔ ጋ ነው፤ የሚያስፈልጋትን በየሳምንቱ እሰጣታለሁ። እኔም ደሴ ላለችው እናቴ የምልከው፣ ለእድርም የማዋጣው አለ። አሁን ዝምተኛ ሆናለች። አያቷም ቤታችን መምጣት ትተዋል። ቁጠባ እንዴት ላስተምራት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የኪራይ ቀን ደርሶ እጅ ባዶ ሲሆን ያለውን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። እሷ የተናገረችው አንድም ቃል የለበትም። ካርዱን ስትወስድ ምን አለች?

አያቷ ለምን እንደቀሩስ ጠይቀሃል? እሳቸውን አላውቃቸውም። የምትኖሩበትን ግዛት ታሪክ ግን በጥቂቱ አውቃለሁ። በምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1905 የወጣ ሕግ የነባሩን ሕዝብ ኑሮ «ዋና ጠባቂ» በሚባል ሹም እጅ ላይ ጣለው። ንብረታቸውን ሳይቀር ማስተዳደር ይችል ነበር። ስሙን ልብ በልልኝ፤ ጠባቂ ነው የተባለው። ስንቱ በከብት እርባታውና በሰው ቤት ሲለፋ ኖሮ የደመወዙን መልክ ሳያይ ቀረ። የግዛቱ መንግሥት ከ1936 እስከ 1972 ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ክፍያ ለሠሩት፣ የጠበቃ ወጪን ጨምሮ፣ እስከ 180.4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል የተስማማው ገና በ2023 ነው። እናቶቿና አያቶቿ ያደጉት «የአንቺን ገንዘብ እኛ እንይዝልሻለን» በሚል አገር ውስጥ ነው። አንተ ክፋት አስበህ እንዳልሆነ አምናለሁ። ግን በዚያ ቤት ጆሮ ያንተ ድምፅ ከሹሙ ድምፅ ላይለይ ይችላል።

ደግሞ ቃላትህን ተመልከታቸው። ያንተ ገንዘብ «ይላካል»፣ የእሷ «ያልቃል»። ለቀብር ማዋጣት ለእኛ እድር ነው። ለእሷ ሲሆን ለምን ብክነት ይሆናል? አንተ ለእናትህ ስትልክ ካርድህን የያዘብህ ሰው የለም።

ዘመድ ልክ ያልፋል፣ እውነት ነው። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ሆዱ የማይሸበር ስደተኛ አላውቅም! ግን እምቢም እሺም የምትለው እሷ ራሷ ናት። የሰውን ደመወዝ ይዞ በሳምንት ቆንጥሮ መስጠት በእኛ ሙያ የገንዘብ ጥቃት ይባላል። ቃሉ እንደሚከብድህ ይገባኛል።

ካርዱን መልስላት። ስጦታ አታስመስለው፣ ንግግርም አታብዛ። ደመወዟ በራሷ ስም ይግባ። ለኪራይና ለአስቤዛ የጋራ አካውንት መክፈት ይጠቅማችሁ ይሆናል፣ እሷ ከፈለገች። አብራችሁ አማካሪ ጋ ለመሄድ ግን አትቸኩል፤ አንተ ባለህበት የልቧን ላትናገር ትችላለች። መጀመሪያ አንተ ብቻህን ባለሙያ በአካል አግኝ። ዝምታዋ በአንድ ወር ላይፈታ ይችላል፣ ታገስ። ለነባሩ ሕዝብ በገንዘብና በሕግ ጉዳይ በነፃ የሚያማክር ሞብ ስትሮንግ የሚባል አገልግሎት አለ፤ ስልኩ 1800 808 488 ነው። ቁጥሩን ስጣት። ደወልሽ ወይ ብለህ ግን አትጠይቃት።