ስላይድ ጊታር ሲደራረብ ለምን ይደበላለቃል?

ጥያቄ፦ «አራት የስላይድ ጊታር (ክሩ ላይ የመስታወት ወይም የብረት ቱቦ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት) ትራክ ደራርቤ ቀዳሁ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሰማ ደህና ነው። አንድ ላይ ስከፍታቸው ግን ቅኝታቸው የተበላሸ ይመስላል። የትኛው የቱ እንደሆነም አይለይም። ኢኳላይዘሩን (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማመጣጠኛውን) ብነካካ ብነካካ ለውጥ የለም። የምወዳቸው ተጫዋቾች ቀረጻ ላይ ግን ሁለትም ሦስትም ጊታር ጥርት ብሎ ይሰማል። እነሱ ምን ቢያደርጉ ነው?»

መልስ፦ መጀመሪያ ኢኳላይዘሩን ተወው። አራቱም ትራኮች የአንድ ጊታርና የአንድ እጅ ድምፅ ናቸው፤ ከአንዱ ልትቀንሰው የምትፈልገው ነገር በሌሎቹም ላይ አለ። ችግሩ ያለው ከመቅረጫው በፊት ነው። ስላይዱን በያዘው እጅህ ላይ፣ በተለይ በቪብራቶህ፣ ማለትም ኖታውን በምታወዛውዝበት መንገድ ላይ።

በተራ አጨዋወት ኖታው የት እንደሚያርፍ የሚወስንልህ የፍሬቱ ሽቦ፣ ያ በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተተከለው፣ ነው። በስላይድ ጊዜ የሚወስነው ጆሮህ ብቻ ነው። አንዱ ትራክ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ላይ፣ ሌላው 443 ላይ ቢያርፉ ድምፁ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ጎላ ደከም ይላል። በሁለት ትራክ ይሄ እንዲያውም ሊያምር ይችላል። አንተ ግን አራት ትራክ አለህ፤ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ እጅህ በየራሱ ፍጥነት ይወዛወዛል። ጆሮ ከዚህ ሁሉ መሀል ዋናውን ኖታ ፈልጎ አያገኝም። «ቅኝቱ ተበላሽቷል» ያልከው ይሄንን ነው።

እንዲህ ፈትሸው። አንዱን ትራክ ብቻ ክፈት። ሁለተኛውን ጨምር። ረጅም ኖታ ያለበት ቦታ ፈልግና የኖታውን መጨረሻ አድምጥ። ያ ጎላ ደከም የሚለው መንቀጥቀጥ ከፈጠነ ያ ትራክ እንደገና ይቀዳል። በኮምፒውተር ኖታ ማስተካከያ አድነዋለሁ ብለህ አትልፋ። የስላይድ ውበቱ መንሸራተቱ ነው፤ ማስተካከያው ደግሞ መጀመሪያ የሚገድለው እሱን ነው።

ስትቀዳ ስላይዱ የሚያርፈው ልክ በፍሬቱ ሽቦ አናት ላይ ነው፤ በጣት ስትጫወት እንደለመድከው ከሽቦው በስተኋላ አይደለም። ጊታሩን ከጎን ሆነህ ካየኸው ዓይን ይሸውዳል፣ ቀጥ ብለህ ከላይ እየው። ቪብራቶው ከሽቦው ወዲህም ወዲያም እኩል ይሂድ። ወደ ጊታሩ ሆድ ብቻ ከሄደ ኖታው ሁልጊዜ ከልኩ በላይ የቀጠነ ይመስላል። ደግሞም አትቸኩል። ኖታው ላይ ድረስ፣ ትንሽ ቆይ፣ ከዚያ አወዛውዝ። ገና ሳይደርሱ የሚወዛወዙ ብዙ ናቸው፤ እኔ ይሄንን ስሰማ ተጫዋቹ ኖታውን ስላላገኘው እየሸፋፈነ ነው እላለሁ።

የተረሳው ሌባ ጣት ነው። ከስላይዱ በስተኋላ ያለው የክሩ ክፍልም ይጮሃል። እሱን በሌባ ጣትህ ካላፈንከው የማይፈለግ ድምፅ በእያንዳንዱ ትራክ ላይ አብሮ ይቀዳል። አራት ጊዜ ሲደረብ ምን እንደሚሆን አስበው። የማትመታቸውን ክሮች ደግሞ በቀኝ እጅህ ዝም አሰኛቸው።

ጊታሩን በኦፕን ኢ ቃኝተህ ከሆነ፣ ማለትም ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ቢ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ ካደረግከው፣ ጂ ሻርፑን ተጠንቀቀው። ኮርዱ በጆሮ ጥሩ እስኪሆን ከቃኘኸው ይህ ክር ቲውነሩ (የቅኝት መለኪያው) ከሚለው ወደ 14 ሴንት ገደማ ዝቅ ይላል። ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። አንዱን ትራክ በጆሮ፣ ሌላውን በቲውነር ከቃኘህ ሁለቱ መጣላታቸው አይቀርም። አንዱን መርጠህ ለሁሉም ተጠቀም። ዘፈኑ ውስጥ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ካለ ቲውነሩን እመን።

አሁን ወደምትወዳቸው ቀረጻዎች እንምጣ። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በ1970 «ማይ ስዊት ሎርድ» ላይ ስላይዱን ደርቦ ሲቀዳ ያንኑ ኖታ አልደገመም፤ ሁለተኛውን መስመር በሃርመኒ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ጋር በሚስማማ ሌላ ኖታ፣ ነው የሠራው። ሁለቱ መስመሮች አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ያርፋሉ፣ ውዝዋዜያቸውም ቁጥብ ነው። ለአንተ ችግር ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። አንድ ኖታ በሁለት ትራክ ይሁን ካልክ ሁለተኛውን ያለ ቪብራቶ ተጫወተውና ድምፁን ቀንሰው።

ማን እንደሚጫወት መለየት ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ጊታሩንና አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ይጠይቃል። እኔ ቪብራቶውን አስቀድማለሁ። አምፕ ይቀየራል፣ እጅ ግን አይቀየርም። የኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጊታሪስት ዱዌን ኦልማን ስላይዱ የመድኃኒት ብልቃጥ ነበር፤ መስታወት ነው፣ የቀለበት ጣቱ ላይ ያጠልቀው ነበር፣ ክሩንም ያለ ፒክ (የክር መምቻ) በጣቱ ይመታ ነበር። በዚያው በ1970 በተቀዳው የዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ ዘፈን «ሌይላ» መጨረሻ ላይ ፍሬቶቹ ካለቁበት በላይ ወጥቶ ሲጫወት ትሰማዋለህ። ዴሪክ ትረክስም በኦፕን ኢ፣ ያለ ፒክ ነው የሚጫወተው፤ ክሩን በጣት ሥጋ መምታት የኖታውን አነሳስ ለስላሳ ያደርገዋል። ቦኒ ሬይት መስታወቱን የመሀል ጣቷ ላይ ታደርጋለች።

የሊትል ፊት ባንዱ ሎዌል ጆርጅ ሌላ ዓለም ነው። ስላይዱ ከባድ የብረት ሶኬት ነበር፣ ያ የብሎን መፍቻው። በላዩ ላይ ኮምፕረሰር (የጎላውንና የደከመውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ) አጥብቆ ይጭንበት ነበር። ኖታው ሳይሞት ይቆያል። ይሄን ሰምተህ አራቱንም ትራክ ኮምፕረሰር ውስጥ እንዳትከት። ሁሉም እኩል ከጮሁ ወደ ኋላ የሚል አይኖርም። ለመሪው ትራክ ብቻ ስጠው።

ሶኒ ላንድሬት ላይ ስትደርስ ቆጠራህን ተጠራጠር። ስላይዱ ትንሿ ጣቱ ላይ ስለሆነ የቀሩት ጣቶቹ ከስላይዱ በስተኋላ ክር ይይዛሉ። ሁለት ጊታር ነው ብለህ የቆጠርከው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል!

ለመቁጠር የሚረዳህ የኖታው አነሳስ ነው። በሄድፎን አንድ ጆሮ ብቻ አድምጥ፣ ከዚያ ቀይር። ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ክር የሚመቱበት ቅጽበት መቼም አይገጥምም። አንዱ ከታች ተንሸራቶ ይመጣል፣ ሌላው በቀጥታ ያርፋል።

የራስህንም እንዲሁ ለያያቸው። አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን በብረት ስላይድ ቅዳ። አንዱ በፒክ፣ ሌላው በጣት ይሁን። ፒክአፕም (በጊታሩ ላይ የክሩን ንዝረት የሚይዘውን) ቀይር። አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አድርግ። መሪው ያለ ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) ቀረብ ይበል፣ አጃቢው ሪቨርብ ውስጥ ራቅ ይበል። ኢኳላይዘር የሚያስፈልግህ ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ለባሱ ለመልቀቅ ያህል።

ለአሁኑ ከአራቱ ሁለቱን ዝጋቸው። የቀሩትን ሁለቱን እንዳልኩህ እንደገና ቅዳ። ምናልባት ሦስተኛ አያስፈልግህ ይሆናል። አሁንም ካልጠራ ሁለቱን ትራኮች ያለ ሪቨርብና ያለ ኮምፕረሰር ላክልኝ፣ የትኛው ኖታ ላይ እንደሚጣሉ ሰምቼ እነግርሃለሁ።