“ልቀቂያ ፈርሚ” ሲሉሽ

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በቋሚነት ስሠራ 1 ዓመት ከ2 ወር ሆኖኛል። አሁን የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አለቃዬ “የወሊድ ፈቃድ በድምሩ ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገሽ ልቀቂያ ፈርሚና ስትወልጂ ተመልሰሽ ትቀጠሪያለሽ” አለኝ። የሌሊት ፈረቃም አልቀረልኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ልቀቂያው ላይ እንዳትፈርሚ። አሠሪ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ጊዜም ሆነ ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበት በሕግ ተከልክሏል። “በፈቃዴ ለቅቄአለሁ” የሚል ወረቀት ላይ ከፈረምሽ ግን ያሰናበተሽ ሰው የለም፤ ራስሽ ለቀሽ ሄድሽ ማለት ነው። በኋላ ተገድጄ ነው ብትዪ ማስረዳቱ ያንቺ ሸክም ይሆናል። “ተመልሰሽ ትቀጠሪያለሽ” የሚለውም የቃል ተስፋ ነው፤ ቢቀጥሩሽ እንኳ እንደ አዲስ ሠራተኛ ነው የምትጀምሪው።

“ሦስት ወር” የሚለው ከአሮጌው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የቀረ ነው። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር። አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ሆኗል፤ ከደመወዝ ጋር። ተከታታይ ስለሆነ እሑድና በዓላትም ይቆጠራሉ።

አቆጣጠሩ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሐኪም መውለጃሽን ጥር 15 ብሎ ከገመተ ፈቃድሽ ታኅሣሥ 15 ይጀምራል። ቀድመሽ ጥር 5 ብትወልጂ 90ው ቀን ከዚያው ዕለት ይቆጠርና ሚያዝያ 5 ሥራ ትገቢያለሽ፤ ያልተጠቀምሽባቸው 10 ቀናት ከኋላ አይደመሩልሽም። ዘግይተሽ ጥር 25 ብትወልጂ ደግሞ እስክትወልጂ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጥሽና 90ው ከጥር 25 ይጀምራል። ስለዚህ ፈቃዱ “ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት” ተብሎ አስቀድሞ ተቆርጦ ከተጻፈልሽ እንዲስተካከል ጠይቂ።

የሌሊቱ ፈረቃም ክልክል ነው። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም፤ ትርፍ ሰዓትም እንደዚሁ። ለእርግዝና ክትትል የምትሄጂበት ጊዜ ደመወዝ ይከፈልበታል፤ ማኅተም ያለበት የሕክምና ወረቀት ግን በየጊዜው አምጪ። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። የማሰናበት ክልከላው ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ጥፋትን አይሸፍንም፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለበቂ ምክንያት መቅረት አንዱ ነው። ወረቀት ያላመጣሽበት የክትትል ቀን እንደ መቅረት ሊቆጠርብሽ ይችላል።

አሁኑኑ ማመልከቻ ጻፊ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የመውለጃ ቀንሽን፣ ፈቃዱ እንዲጀምር የምትፈልጊበትን ቀን፣ ከሌሊት ፈረቃ እንዲያነሡሽ መጠየቅሽን አስገቢበት፤ የሐኪም ማስረጃውን አያይዢ። ሁለት ቅጂ አድርገሽ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪና ደረሰኙን ያዢ። ካልሰሙሽ ወደ አካባቢሽ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደሽ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያይልሽ አመልክቺ።

ካሰናበቱሽ ደግሞ፣ በደብዳቤም ሆነ “ነገ እንዳትመጪ” በሚል ቃል፣ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የምታቀርቢው በ3 ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ 6 ወር አለሽ። ሽማግሌ እየላኩ ሦስቱን ወር የሚያባክኑ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን ይግባ። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ለፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ልትወልድ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፤ እኔስ ፈቃድ አለኝ?

መልስ፦ አለህ ወንድማችን፤ 3 ተከታታይ ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። በእኛ አስተያየት በጣም ያንሳል፤ አራስ በሦስት ቀን አትነሣም። ስለዚህ ከዓመት ፈቃድህ አቆይ፤ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። እሱን ለመውሰድ ከአሁኑ በጽሑፍ አመልክት፣ የሦስቱን ቀን ደግሞ ልጁ እንደተወለደ የጤና ተቋሙን ማስረጃ ይዘህ ጠይቅ።