ከጓንዡ የመጣው ኪኒን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ 76 ዓመቷ ነው። አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ነው ከተባልን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ማታ ማታ ዶኔፔዚል 10 ሚሊግራም ትወስዳለች። ነጋዴው ወንድሜ በቀደም ከጓንዡ ሲመለስ ኪኒን ይዞላት መጣ። ካርቶኑ ላይ ከቻይንኛው ሥር «ሁፐርዚን ኤ፣ 50 ማይክሮግራም» ይላል። «የባህል መድኃኒት ነው፣ ከቅጠል የተሠራ ነገር ምን ያደርጋታል? ከያዘችው ጋር ስጪያት» እያለ ነው። ልስጣት?
ት. ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱን ደርበሽ እንዳትሰጫት።

ወንድምሽ አልዋሸም። ቻይና ውስጥ ሁፐርዚን ኤ ለአልዛይመር በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የሚገኘውም ጥላ ሥር ከሚበቅል ትንሽ ተክል ነው። ግን የድሮዎቹ የቻይና አዋቂዎች ተክሉን ይሰጡ የነበረው ለወለምታና ለእብጠት ነው። ለመርሳት የታሰበው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የቻይና ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሩን ነጥለው ካወጡት ወዲህ ነው። ስለዚህ «ባህል» የምትለዋን ትንሽ ቀንሱላት።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አልዛይመር ሲይዝ ይመናመናል። ዶኔፔዚል ይህን ንጥረ ነገር የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዳል። ሁፐርዚን ኤም የሚሠራው ያንኑ ነው! ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ማለት ሐኪሙ ሳያውቅ የዶኔፔዚሉን መጠን መጨመር ማለት ነው። ማስታወክና ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ልቧ ነው። ምቱ ከልክ በላይ ቀንሶ ራሷን ስታ ብትወድቅና ዳሌዋ ቢሰበር፣ በዚህ ዕድሜ ከአልጋ መነሳቱ ቀላል አይደለም።

«ታዲያ ዶኔፔዚሉን ትቼ በዚህ ልተካው?» እንዳትዪ። ቻይና ውስጥ ጥሩ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትንንሽና ደካማ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጥናት፣ 200 ማይክሮግራም በቀን ሁለቴ ለ16 ሳምንት የወሰዱት ሕሙማን ማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት አልተሻሉም። ዶኔፔዚልም ቢሆን አያድንም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ምልክቱን ለጊዜው ያለዝባል፤ ቢያንስ ግን ጥቅሙም ጉዳቱም በደንብ ተጠንቷል።

ሁፐርዚኑን ቀድማ ወስዳ ከሆነ እሱን አቁሚና ለሐኪሟ ደውዪ። ካዞራት ወይም ራሷን ከሳተች ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጃት። ስትሄዱ ካርቶኑን እንዳለ ያዢ። ኪኒኑን በፌስታል ጠቅልሎ «ይሄ ምንድነው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ደግሞ ጠንቋይ አይደለሁም።

ወንድምሽ ለእናቱ አስቦ ነውና አትቆጪው። እናትሽ ብቻዋን ከቤት መውጣት ከጀመረች፣ በሚቀጥለው ጉዞው ሲም ካርድ የሚገባበትና ያለችበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ የእጅ ሰዓት ይግዛላት። እዚህ በሚሠራው ኔትወርክ መሥራቱን ግን ሳይከፍል በፊት ይጠይቅ።